የሕንድን ታሪክ ለልጆች ማቅረብ፦ ከነገሥታት ዝርዝር በፊት ጡብ፣ ማኅተምና ጨው

ጥያቄ፦ «ከ9 እስከ 13 ዓመት የሆናቸው ልጆች የሚመጡበት የሰፈር የንባብ ክበብ አስተባብራለሁ። የሕንድ ፊልም ይወዳሉ፤ ስለ አገሪቱ ታሪክ ግን የሚያውቁት ነገር የለም። በአማርኛ ስምንት አጫጭር ምንባቦች ላዘጋጅላቸው ብዬ ከሞሪያ ሥርወ መንግሥት እስከ እንግሊዝ አገዛዝ በቅደም ተከተል ጻፍኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ማዛጋት ጀመሩ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣ ልጆቹን ያሰለቻቸው የሕንድ ታሪክ ሳይሆን የስም ናዳ ነው። ሞሪያ፣ ሹንጋ፣ ኩሻን፣ ጉፕታ፣ ሙጋል እየተባለ ሲደረደር አዋቂም ይደክመዋል። ልጅ ሥርወ መንግሥትን መጨበጥ አይችልም፤ ጡብን፣ ሳንቲምን፣ ደብዳቤን፣ ጨውን ግን ይጨብጣል። የጻፉትን አይጣሉት፤ አነሳሱን ይቀይሩት። እያንዳንዱ ምንባብ ልጁ በእጁ ወይም በዓይኑ ከሚመረምረው አንድ ነገር ይነሣ፤ ከዚያ ነገር አንድ ጥያቄ ይውጣ፤ ንጉሡም ዘመኑም ለጥያቄው ሲያስፈልጉ ብቻ ይግቡ።

ቅደም ተከተሉ አይጠፋም፤ ወደ ግድግዳ ይሄዳል። 9 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ገመድ ይዘርጉ። ክፍሉ ከጠበበ በሁለት ግድግዳ ይዙር። 1 ሜትር 500 ዓመት፣ 1 ሳንቲ ሜትር 5 ዓመት ነው። አንዱ ጫፍ ዛሬ ነው፤ ሌላው ጫፍ የኢንደስ ሸለቆ ከተሞች ያበቡበት 2600 ከክርስቶስ ልደት በፊት። ካርዶቹን በልብስ መቆንጠጫ ይስቀሉ። ከዛሬ ጫፍ ሲለካ የ1947ቱ ነጻነት 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይውላል፤ በኢትዮጵያ ተወልዶ በሕንድ የጦር መሪ የሆነው ማሊክ አምባር የሞተበት 1626 ዓመት 80 ሳንቲ ሜትር ላይ፤ ሙጋሎች ደልሂን የያዙበት 1526 አንድ ሜትር ላይ፤ የንጉሥ አሾካ የካሊንጋ ጦርነት 4 ሜትር ከ57 ላይ። ከዚያ ልጆቹ ከፕላሲ ጦርነት (1757) እስከ 1947 ያለውን የእንግሊዞች ዘመን በቀይ ጨርቅ ይጠቅልሉት። 38 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሆነው። ከ9 ሜትር በላይ ከሆነው ገመድ ላይ ይህችን ቀይ ቁራጭ ያየ ልጅ የሕንድ ታሪክ በእንግሊዞች እንዳልጀመረ ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

የአማርኛ አንባቢን ለብቻው የሚገጥም አንድ ወጥመድ አለ፤ የዘመን አቆጣጠራችን። ልጁ ዓድዋን በ1888 ያውቃል፤ እርስዎ ደግሞ የጋንዲን የጨው ጉዞ 1930 ብለው ይጽፉለታል። ቀንሶ 42 ዓመት ያገኛል። እውነተኛው ርቀት 34 ነው፤ ዓድዋ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1896 ነውና። ስለዚህ በገመዱ ላይ ሁሉንም በአንድ አቆጣጠር ይጻፉ፤ የውጭ ታሪክ ስለሆነ እ.ኤ.አ. ይሻላል። ልጆቹ ከሚያውቋቸው የኢትዮጵያ ክስተቶች ጋር ለሚገናኙ ሁለት ወይም ሦስት ቀኖች ብቻ በሌላ ቀለም የእኛን ያክሉ። በዚህ ምላሽ ያሉት ዓመቶችም «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ምንባብ። የኢንደስ ሸለቆ ሥልጣኔ ለልጅ ከሁሉ የተሻለ በር ነው፤ የምናውቀው የንጉሥ ስም የለምና የሚሸመደድ ነገር አይኖርም። ሞሄንጆ ዳሮና ሃራፓ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ፣ ዶላቪራና ሎታል ሕንድ ውስጥ መሆናቸውን ገና ከመነሻው ይንገሯቸው። የዛሬው ድንበር የዛሬ እንጂ የጥንት አለመሆኑን ልጅ ቶሎ ይቀበላል፤ ዘግይቶ ሲሰማው ግን ይደናገራል።

ዕቃው ጡብ ነው። የእነዚያ ከተሞች ጡብ ውፍረቱ፣ ስፋቱና ርዝመቱ 1 ለ2 ለ4 ነው። ለቤት ግንባታ የተለመደው መጠን 7 በ14 በ28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ልጆቹ በትንሹ 2 በ4 በ8 ሳንቲ ሜትር ይሥሩ። ከካርቶን ቅርጽ ማውጫ ሠርተው ውስጡን በፌስታል ያልብሱት፤ አለበለዚያ ካርቶኑ እርጥበቱን መጦ ከጭቃው ጋር ይጣበቃል። የተነፋ አፈር በጥቂት የጤፍ ጭድ ለውሰው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ጭቃው ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ፣ በጣት መሐል የማይፈስ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በማድረቁ ላይ ነው። ፀሐይ ላይ ካስቀመጡት ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይኮማተራል፣ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ስለሆነ ጡቡ ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ በየቀኑ እያገላበጡ ከሦስት እስከ አራት ቀን ያድርቁት።

ግማሾቹ ልጆች ትክክለኛውን መጠን፣ ግማሾቹ ሆን ብለው 2 በ3 በ8 ይሥሩ። ከዚያ ሁለቱም ቡድኖች ባለ ማዕዘን ግድግዳ ይገንቡ፤ አንዱን ረድፍ በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም። የመጀመሪያዎቹ ጡቦች ሁለት ሲደመሩ ስፋታቸው የአንዱን ርዝመት ስለሚያህል ይገጥማሉ፤ የሁለተኞቹ ማዕዘን ያፈነግጣል። ልጁ በእጁ ካየው በኋላ ጥያቄውን ያንሱ፦ ሃራፓና ሞሄንጆ ዳሮ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተራርቀው ሳለ ተመሳሳይ ልኬት እንዲጠቀሙ ማን አዘዛቸው? በቁፋሮ ቤተ መንግሥት ነው ተብሎ በእርግጠኝነት የተለየ ሕንጻ የለም፤ የንጉሥ መቃብርም አልተገኘም። ባለሙያዎቹም እየተከራከሩበት ያለ ጥያቄ መሆኑን ይንገሯቸው። የሞሄንጆ ዳሮ ታላቅ መታጠቢያ 12 ሜትር በ7 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር ከ40፣ ውኃ እንዳያሰርግ በሬንጅ የተለበጠ ነው፤ ልኩን ግቢው ውስጥ በኖራ ያስምሩና ውስጡ ያስቁሟቸው። ሌላም የሚያሳዝን እውነት አለ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዞች የባቡር መሥመር ሲዘረጉ የሃራፓን ጡብ ለሐዲድ መደላደያ አጋዙት። ልጆች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። ይቆጡ፤ ቅርስ ለምን እንደሚጠበቅ የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

የሚዛን ድንጋዮቹም ይካተቱ። ትናንሾቹ በእጥፍ በእጥፍ የሚያድጉ ናቸው፤ 13.6 ግራም ገደማ የሚመዝነው በብዛት ይገኛል። ባቄላ በትናንሽ ከረጢት 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64 አድርገው ያስሩና «45 ባቄላ ስጡኝ» ይበሉ። 32፣ 8፣ 4 እና 1 ይሆናል። በሰባት ከረጢት ብቻ ከ1 እስከ 127 ያለ ማንኛውም ቁጥር እንደሚወጣ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ማኅተሙ ደግሞ ከነጭ ሳሙና ይቀረጻል። 4 ሳንቲ ሜትር በ4፣ ውፍረቱ ከ1.5 የማያንስ ቁራጭ በቂ ነው፤ ከዚህ ከቀጠነ ሲጫኑት ይሰበራል። ምስሉን በተሳለ የጥርስ እንጨት በ2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት መቅረጽ ነው። ማተሚያው ሊጥ ሁለት ስኒ ዱቄት፣ አንድ ስኒ ጨውና አንድ ስኒ ገደማ ውኃ ይሁን፤ ውኃውን በጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። ቀኝና ግራው መገልበጡን አስቀድመው አይንገሩ። የመጀመሪያው ልጅ ስሙን ቀርጾ ሲያትም ተገልብጦ ይወጣል፤ የጥንቱ ቀራጭ ፊደሉን ለምን ወደ ኋላ እንደቀረጸ የሚገባቸው በዚህ ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ የኢንደስ ጽሑፍ እስከ ዛሬ አልተፈታም። «ይህ ምልክት ዓሣ ማለት ነው» የሚል የተሠራ መዝገበ ቃላት ለልጆች አይስጡ። አዋቂዎች ያልፈቱት እንቆቅልሽ መኖሩ ለአሥር ዓመት ልጅ ከማንኛውም መልስ በላይ ይጣፍጣል።

ሁለተኛው ምንባብ አሾካ ነው፤ ዕቃው ድንጋይ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ። ከመሞቱና ከመንገሡ ዓመት ይልቅ በወጥ ቤቱ ይጀምሩ። በአንደኛው ዓለት ጽሑፍ ንጉሡ ቀድሞ በወጥ ቤቱ በየቀኑ እጅግ ብዙ እንስሳት ይታረዱ እንደነበር፣ አሁን ግን ሦስት ብቻ፣ ሁለት ጣዎስና አንድ አጋዘን፣ አጋዘኑም ሁልጊዜ እንዳልሆነ፣ ወደፊት እነዚህም እንደማይታረዱ ይናገራል። የ2,200 ዓመት ዕድሜ ያለው ንጉሥ በዚህች ዝርዝር ሰው ይሆናል። «ለምን ወዲያውኑ በአንድ ጊዜ አልተወም?» ብለው ይጠይቋቸው፤ መልሳቸው ያስገርምዎታል።

ከዚያ ወደ ከባዱ ይሂዱ። 261 ከክርስቶስ ልደት በፊት አካባቢ ካሊንጋን ወጋ። በ13ኛው ዓለት ጽሑፍ 150,000 ሰው መጋዙን፣ 100,000 መገደሉን፣ ከዚያ ብዙ እጥፍ ሌላ ሰው ማለቁን ራሱ ጽፎ ይጸጸታል። ቁጥሩ የንጉሡ የራሱ መሆኑን በግልጽ ይንገሩ፤ ከጎኑ ቆሞ የቆጠረ ሌላ ምስክር የለንም። ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህ የጸጸት ጽሑፍ በካሊንጋ ምድር፣ ዛሬ ኦዲሻ በሚባለው ግዛት ባሉት በዳውሊና በጃውጋዳ ዓለቶች ላይ የለም። በዚያ ፈንታ ለሹማምንቱ «ሰው ሁሉ ልጆቼ ናቸው» የሚልና ፍርድ እንዳያጓድሉ የሚያዝ ሌላ ጽሑፍ አለ። የተበደሉት ሰዎች አገር ላይ ጸጸቱን ለምን አላስቀረጸም? ዐፍሮ? ቁስሉን ላለመቀስቀስ? ልጆቹ ሁለት ቡድን ሆነው ይከራከሩ። ለዕድሜያቸው አይከብድም። ሞትን በዝርዝር መሳል አያስፈልግም፤ ቁጥሩንና ጸጸቱን መደበቅ ግን ታሪኩን ባዶ ያደርገዋል።

ለአማርኛ አንባቢ ልጅ በአሾካ ላይ ያለው ታላቅ ዕድል ፊደሉ ነው። አብዛኛው ጽሑፍ የተቀረጸበት ብራህሚ እንደ እኛው ፊደል በመሠረታዊው ተነባቢ ላይ ምልክት እየተቀጠለ አናባቢው የሚለዋወጥ ነው። ሌሎች አገሮች ልጆች ላይ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ማብራሪያ «ካዕብና ሣልስ እንደምንለው» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል። ብራህሚ ለብዙ መቶ ዓመታት የሚያነበው ጠፍቶ በ1837 ጄምስ ፕሪንሴፕ ፈታው። ፍንጩ ደስ ይላል፦ በሳንቺ ሐውልት ዙሪያ ያሉ ብዙ አጫጭር ጽሑፎች በተመሳሳይ ፊደላት ያልቃሉ፤ ሰዎች ለቤተ እምነት የሰጡትን ስጦታ የሚመዘግቡ ከሆኑ የመጨረሻው ቃል «ስጦታ» መሆን አለበት ብሎ ገመተ፤ ከዚያ ቃል ፊደላት ሌላውን አወጣ። ይህን በቀላሉ ጨዋታ ማድረግ ይቻላል። «አበበ ሸማ ሰጠ»፣ «ሰላም ማር ሰጠች»፣ «ከድር በግ ሰጠ» የመሳሰሉ አሥር ዐረፍተ ነገሮች ለእያንዳንዱ ፊደል በፈጠሩት ምልክት ይጻፉ። ከአሥር ካነሱ ፊደላቱ በበቂ ሁኔታ ስለማይደጋገሙ ልጆቹ ይጣበቃሉ። የሚሰጡት አንድ ፍንጭ ብቻ ይሁን፤ ሁሉም ስለ ስጦታ ነው።

ዜሮን በአጭሩ ይለፉት፤ ነገር ግን «ሕንዶች ዜሮን ፈጠሩ» በሚል ደረቅ ዐረፍተ ነገር አይሁን። በጓልየር ባለ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ በ876 የተጻፈ ጽሑፍ አለ፤ ለቤተ መቅደሱ የተሰጠ የአበባ ማሳ ርዝመቱ 270፣ ስፋቱ 187 ክንድ እንደሆነ፣ በየቀኑም 50 የአበባ ጉንጉን እንደሚቀርብ ይመዘግባል። በ270 እና በ50 መጨረሻ ያለችው ትንሽ ክብ ዜሮ ናት። ፎቶውን አትመው «ዜሮዋን ፈልጉ» ማለት ይበቃል።

የባሕሩ ንግድ ኢትዮጵያ በእውነት የምትገባበት ምንባብ ነው። በ1ኛው መቶ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ የመርከበኞች መመሪያ ከሕንድ ወደ አዱሊስ ብረትና የጥጥ ጨርቅ እንደሚመጣ፣ ከአዱሊስም የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት እንደሚወጣ ይዘረዝራል። በደብረ ዳሞ ደግሞ ከ100 በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ትምህርቱ በነፋሱ ላይ ይቁም፤ በክረምት ወራት ወደ ምሥራቅ፣ በበጋ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ወቅታዊ ነፋስ የንግዱ ሰዓት ነበር። ሰሌዳ ላይ ከአዱሊስ ደቡብ ሕንድ እስካለው የሙዚሪስ ወደብ 24 ክፍል ያስምሩ። በወር አንድ ጊዜ ዳይስ ይጣላል። ከሐምሌ እስከ መስከረም የወጣው ቁጥር እጥፍ ይሆናል፤ በጥቅምት እንዳለ ይቆጠራል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ወደ ምሥራቅ የሚሄድ አይንቀሳቀስም፣ የሚመለስ ግን እጥፍ ይሄዳል። በዚህ ልክ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ በጊዜ ይደርሳሉ። ክፍሎቹን 40 ካደረጓቸው ግን ሁሉም ባሕር ላይ ይቀርና ጨዋታው ይሞታል፤ 15 ካደረጓቸው ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለሚደርስ ነፋሱ ትርጉም ያጣል።

ከሰሌዳው ጎን ቁንዶ በርበሬ፣ ሄል፣ እርድና አንድ የደረቀ የበርበሬ ዛላ በየከረጢቱ ያስቀምጡና «ከእነዚህ ውስጥ በአሾካ ዘመን ሕንድ ውስጥ ያልነበረው የቱ ነው?» ይበሉ። በርበሬው ነው። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ስለሆነ ሕንድ የገባው ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ካሊከት ከደረሰ በኋላ በፖርቱጋሎች በኩል ነው፤ ድንችና ቲማቲምም እንዲሁ ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። ቅዱስ ላሊበላም በርበሬ ያለበት ወጥ እንዳልቀመሰ ሲሰሙ ጫጫታው ይጀምራል። የተፈጨ ሚጥሚጣ እንዳይጠቀሙ፤ ልጆች አስጠግተው ያሸትቱና ዓይናቸው ይቃጠላል።

እዚህ ላይ ለደቡቡ ቦታ ይተዉ። ደልሂ ላይ ብቻ የሚሽከረከር የልጆች ታሪክ ግማሽ አገር ይጎድለዋል። በ1010 የተጠናቀቀው የታንጃቩር ቤተ መቅደስ ግንቡ ከ60 ሜትር በላይ ነው፤ የሠሩት የደቡቡ ነገሥታት ቾላዎች በ1025 መርከቦቻቸውን አሁን ኢንዶኔዥያ ወደሚባሉት ደሴቶች ድረስ አዝምተዋል። አንድ ሥዕልና አንድ ካርታ ይበቃል።

ማሊክ አምባርን ግን አያሳጥሩት። በ1548 አካባቢ በኢትዮጵያ የተወለደ፣ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ፣ በየመንና በባግዳድ አልፎ የሕንድ ደጋማ አገር ወደሆነው ዴካን የደረሰ ሰው ነው። የገዛው የአሕመድናጋር ሚኒስትር ራሱ ቀድሞ ባሪያ የነበረ ሐበሻ ነበር። ጌታው ሲሞት ነጻ ወጣ፤ የራሱን ሠራዊት አሰባሰበ፤ ከ1600 በኋላ የአሕመድናጋር መንግሥት እውነተኛ መሪ ሆነ። በ1610 ኻድኪን መሠረተ፤ ኋላ አውራንጋባድ የተባለችው ከተማ ናት። ከመሬት በታች በተቆፈረ ቦይም ውኃ አስገባላት። ግዙፉን የሙጋል ጦር ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ ማራታ በሚባሉት የዴካን ሰዎች ፈጣን ፈረሰኞች ስንቁን እየቆረጠ አስጨነቀው፤ በ1624 በባትቫዲ የተባበረውን የሙጋልና የቢጃፑር ጦር አሸነፈ።

የሚመረመረው ነገር ሥዕል ነው። በ1616 አካባቢ የሙጋሉ ንጉሥ ጃሃንጊር ያሠራው ሥዕል ንጉሡ በዓለም ሉል ላይ ቆሞ፣ በጦር ጫፍ የተሰካውን የማሊክ አምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ ያሳያል። ልጆቹ መጀመሪያ ሥዕሉን ብቻ አይተው ምን እንደሆነ ይጻፉ። ሁሉም «ንጉሡ አሸንፎ ገደለው» ይላሉ። ከዚያ ሁለተኛውን ካርድ ይስጡ፦ ማሊክ አምባር ሥዕሉ ከተሠራ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1626፣ በ78 ዓመቱ ገደማ በሙጋሎች እጅ ሳይወድቅ ሞተ፤ የሙጋል ታሪክ ጸሐፊ እንኳ ጀግንነቱንና አስተዳደሩን አድንቆ ጻፈ። ታዲያ ሥዕሉ ምን ይነግረናል? የሆነውን ሳይሆን ንጉሡ የተመኘውን። የታሪክ ምንጭን መጠራጠር ለልጅ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አንድ ገጽ አላውቅም። የተቆረጠ ራስ ስላለበት ከ9 ዓመት በታች ያሉ ካሉ የተቆረጠውን ራስ በወረቀት ሸፍነው ያሳዩ።

በዚህ ምንባብ ሁለት ስሕተት ይበዛል። አንዱ «የእኛ ሰው ሕንድን ገዛ» ብሎ ታሪኩን ወደ ኩራት ብቻ መቀየር ነው። ሌላው ባርነቱን በአንድ መሥመር አልፎ ወደ ድሉ መሮጥ። ልጁ ከእናቱ ተነጥቆ ተሸጧል፤ የወላጆቹን ቤት ዳግመኛ እንዳየ የሚያሳይ ምንም የለም። ይህን ሳያባብሉ ይጻፉት። በሕንድ የነበረው ሐበሻ እሱ ብቻ አለመሆኑንም በሁለት ምሳሌ ያሳዩ፤ በአሕመዳባድ በ1573 የተጠናቀቀው የሲዲ ሰይድ መስጊድ ድንጋዩ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተፈልፍሎ የተሠራ መስኮት አለው፤ በባሕር መካከል ያለውን የጃንጂራን ምሽግ የያዙት ሲዲዎችም (በሕንድ የሚኖሩ የአፍሪካ ተወላጆች) ለማራታዎች አልተበገሩም። የመስኮቱን ቅርጽ በጥቁር ወረቀት ቆርጦ ብርሃን ላይ መያዝ ለትንንሾቹ ጥሩ ሥራ ነው።

የጨው ጉዞ ደግሞ ሂሳብም ሳይንስም ነው። መጋቢት 3 ቀን 1922 ዓ.ም. ጋንዲ የእንግሊዞችን የጨው ግብር ለመቃወም ከሰባርማቲ ተነሥቶ ወደ ዳንዲ የባሕር ዳርቻ 385 ኪሎ ሜትር ገደማ በ24 ቀን በእግሩ ሄደ። በቀን ስንት ይሆናል? 16 ገደማ። 60 ዓመቱ ነበር። ጉዞው ላይ ሳለ መጋቢት 24 ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ አረፉ፤ ይህን ካርድ በገመዱ ላይ ጎን ለጎን ይስቀሉት። ጨው ላይ የተጣለ ግብር ለምን እንደሚያስቆጣ ለማስረዳት ሩቅ አይሂዱ፤ አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት አገር ያደገ ልጅ አያት ካለው ወዲያው ይገባዋል። ከዚያ በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ 3.5 ግራም ጨው ሟሙቶ፣ ይህ የባሕር ውኃ ያህል ነው፣ በዝርግ ሳህን ፀሐይ ላይ ይቀመጥ። በጥልቅ ብርጭቆ ካደረጉት ሳምንት ያልፈዋል። አቧራ እንዳይገባበት በስስ ጨርቅ ይሸፍኑት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቅንጣቶቹ ሲታዩ ሕጉን ያንብቡላቸው፤ ይህን ያደረገ ሰው ይታሰር ነበር።

ለመጨረሻዎቹ ሁለት ምንባቦች አምቤድካርንና ሕንድና ፓኪስታን የተለያዩበትን የ1947ቱን ክፍፍል ይውሰዱ። አምቤድካር «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን በመወለዱ በትምህርት ቤት ተለይቶ ይቀመጥ ነበር፤ ውኃ መቅጃውን መንካት ስላልተፈቀደለት የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ካላፈሰሰለት ጠምቶት ይውል ነበር። ይህ ልጅ አድጎ የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነ፤ ሕገ መንግሥቱም ጥር 18 ቀን 1942 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1950) ሥራ ላይ ዋለ። ሰውን በትውልዱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የካስት ሥርዓት በአራት ፎቅ ፒራሚድ ሥዕል አያስተምሩ፤ ልጁ ፒራሚዱን እንጂ ግፉን አያስታውስም። የውኃው ታሪክ ይበቃል።

ክፍፍሉን ሲያቀርቡ ልጆቹን «እናንተ ሂንዱ፣ እናንተ ሙስሊም» ብለው በፍጹም አያሰልፉ፤ ክርስቲያንና ሙስሊም ልጆች አብረው በሚቀመጡበት ክፍል ጨዋታው ሳይታሰብ ወደ ራሳቸው ይዞራል። በዚያ ፈንታ ወንዝ፣ ባቡር፣ እርሻና መንደሮች ያሉበት የፈጠራ ካርታ ይስጧቸውና በአምስት ደቂቃ ድንበር ያስምሩ። መሥመሩን ያሰመረው ሲሪል ራድክሊፍ ከዚያ በፊት ሕንድን አይቶ የማያውቅ እንግሊዛዊ ጠበቃ ነበር፤ የተሰጠው ጊዜም አምስት ሳምንት ገደማ። መሥመሩ ለሕዝብ የተገለጸው ነጻነቱ ከታወጀ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሰደደ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አለቀ። ከሞሄንጆ ዳሮ የተገኘ አንድ የአንገት ጌጥ እንኳ ዶቃው ተፈትቶ ለሁለቱ አገሮች እኩል ተካፍሏል።

ስለ አጻጻፉ ጥቂት ልጨምር። ለ9ና ለ10 ዓመት ልጆች አንድ ምንባብ ከ450 ቃል፣ ለ12ና ለ13 ከ800 ቃል አይለፍ። በአንድ ምንባብ ከሦስት አዲስ የሰው ስም በላይ አያስገቡ፤ አራተኛ ከመጣ «አማካሪው»፣ «የጦር አዛዡ» ይበቃል። የስም አጻጻፍዎን በአንድ ወረቀት ላይ አስቀምጠው ይጽኑበት፤ አንዱ ገጽ ላይ አሾካ፣ ሌላው ላይ አሶካ ከሆነ ልጁ ሁለት ሰው ይመስለዋል። ፊልም ላይ ያዩትን ልብስና ቤተ መንግሥት እንደ ታሪክ ሥዕል አይጠቀሙ። የታጅ ማሐልን ግንበኞች እጅ ንጉሡ አስቆረጠ የሚለውን ወሬም ይተዉት፤ ማስረጃ የለውም፣ ልጆች ግን ከሌላው ሁሉ ቀድመው የሚይዙት እሱን ነው።

ረቂቁ ሲያልቅ ለሦስት ልጆች ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት። እርስዎ የተደናቀፉበት ዐረፍተ ነገር ረዝሟል፤ ይቁረጡት። በማግስቱ መጽሐፉን ሳያሳዩ ለታናሽ ወንድም ወይም እኅት እንዲተርኩ ያድርጉና ከጎን ሆነው ይጻፉ። ሦስቱም የዘለሉት አንቀጽ በሚቀጥለው ረቂቅ ይውጣ፤ ሦስቱም የጨመሩበት ቦታ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት የሚሰፋ ነው። መጀመሪያ የኢንደስን ጡብና የማሊክ አምባርን ሥዕል ይሞክሩ፤ ሁለቱ ከተሳኩ ሌሎቹን ስድስት በዚያው አካሄድ እንደገና ይጻፏቸው።